እንደራሴው ወደ ምክር ቤት ሲገባ መራጩ ምን ይጠይቀው?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የመስከረም ወር በጠባ ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በናፍቆት የሚጠብቃቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ክረምቱ ያልፋል፤ ደመናው ይገፈፋል፤ የሞላው ወንዝ ይጎድላል፤ ሜዳውም በአደይ አበባ ይሸፈናል። ተማሪው ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ያመራል፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረን» እየተባባለ ይመራረቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን፣ ወሩ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው የሚያልፍ አንድ ታላቅ ቀን አለ። ይኸውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱን ሥራ የሚጀምርበት ቀን ነው።

በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 እንደ ደነገገው፣ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን ድረስ ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በመክፈቻው ዕለት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሕዝብ ተወካዮችንና የፌዴሬሽኑን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይከፍታሉ። ይህን ሥነ ሥርዓት በራዲዮ የሰማ፣ በቴሌቪዥንም ያየ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት እንደራሴዎች መካከል «እኔን ወክሎ የተቀመጠው የትኛው ነው? ምን ሊናገርልኝ ገባ? ሲመለስስ ምን ይነግረኛል?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው ምን ያህል ይሆን? የዛሬው ንግግሬ ዓላማ በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ለማሳሰብ ነው። ነዋሪነቴ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ስለ ሆነ፣ ምሳሌዬን ሁሉ ከማውቀው ሰፈር ብወስድ ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ «እንደራሴ» የተባለው ስም ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። ቃሉን ከሁለት ከፍለን ብናየው «እንደ ራሴ» ማለት ነው። ሰው ራሱ ሊደርስበት ባልቻለው ሥፍራ እንደ ራሱ አድርጎ የሚልከው፣ ቃሉን ቃሌ፣ ድምፁንም ድምፄ ነው የሚለው ሰው ማለት ነው። በቀደመው ዘመን ይህ ስም ንጉሡን ወክሎ ለሚሠራው ሹም ይነገር ነበር። ኋላ ግን ሕዝብን ወክሎ በሸንጎ ለሚቀመጠው ሰው ተሰጠ። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ያለው «ራሴ» ባለቤቱን ለወጠ፤ ከንጉሡም ወደ ሕዝቡ ተዛወረ ማለት ነው።

ይህ መዛወር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በወጣ ጊዜ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቁመው ነበር፤ ሆኖም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተወሰነ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተደረገ። በዚያ ምርጫ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ቢሆንም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ለመሆን የበቁት በዚያው ጊዜ ነው።

ያ ምክር ቤት በመስከረም ወር 1967 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተመረጠ ሸንጎ አልነበረም። በ1979 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ፤ እርሱም በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አለፈ። ዛሬ የምናውቀው ምክር ቤት የተመሠረተው በ1987 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ የማወሳው ታሪክ ለማስተማር ብዬ አይደለም፤ እንደራሴ ለመላክ መቻል እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነገር እንዳልሆነ፣ የተዘጋበትና የታጣበትም ጊዜ እንደ ነበር ለማስታወስ ያህል ነው። የታጣበት ዘመን ያለውን ነገር በእጅ ሳለ አለመጠቀም ታላቅ ስንፍና ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዕድራችን የዓመት ስብሰባ ላይ የሆነውን ነገር አልረሳውም። የዕድሩ ዳኛ ሪፖርቱን አነበበ፤ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ዘረዘረ፤ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀውም ስለ ወንበሩ፣ ስለ ድስቱና ስለ ድንኳኑ ተናገረ። በዚህ ጊዜ አንዲት አሮጊት እናት ከኋላ ተነሡና፣ «ልጆቼ፣ አምና ድንኳኑ ሠላሳ ሁለት ካስማ ነበረው፤ ዘንድሮ የቆጠራችሁልን ሃያ ዘጠኝ ነው። ሦስቱ የት ገቡ?» ሲሉ ጠየቁ። ዕቃ ጠባቂው ደነገጠ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ነገር ግን ሦስቱ ካስማ እስኪገኙ ድረስ ሴትዮዋ አልተቀመጡም።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ወጣት፣ «ለመሆኑ ከሰፈራችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠው ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እርስ በርሳችን ተያየን። በዚያ ከነበርነው ሰዎች ድምፅ ያልሰጠ የለም ለማለት ይቻላል፤ ስሙን በእርግጥ የተናገረ ግን አልተገኘም። እኔም ራሴ አፍሬ ዝም አልኩ። አሮጊቷ እናት ያን ጊዜ፣ «የካስማውን ቁጥር ያወቅን ሰዎች የሰውየውን ስም አጣነው» አሉ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ለዕድር ገንዘብ ያዥ የምናደርገውን ቁጥጥር ለእንደራሴያችን ያላደረግነው ለምንድር ነው? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ አንድ ነው። ድንኳኑ የሚተከለው በደጃችን ነው፤ ሕጉ የሚወጣው ግን ሩቅ ነው ብለን እናስባለን። ይህ ሐሳብ ግን ስሕተት ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት አንዲት ሠራተኛ ስትወልድ የሚሰጣት የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን ወደ 120 ቀን ከፍ አደረገው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ማለት ነው። እንግዲህ በዓለም ባንክ ወይም በአጠና ተራ ሰፈር የምትኖር በፋብሪካ የምትሠራ እናት ሕፃኗን ለአንድ ወር ያህል ጨምራ እንድታጠባ ያደረጋት ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የተነሣ እጅ ነው። ግብሩም፣ ጡረታውም፣ የአገሪቱም ባጀት እንዲሁ በዚያው እጅ የሚወሰኑ ናቸው። ሕግ ሩቅ አገር ተወልዶ በየቤታችን የሚያድር እንግዳ ነው።

ይሁን እንጂ የእንደራሴውን ሥራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ጊዜ ሕዝቡም ይደክማል፤ እንደራሴውም ይሰለቻል። የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ የቧንቧ ውኃና የቆሻሻ ማንሣት ሥራ በቅድሚያ የከተማው አስተዳደርና የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት የነበሩት መቀመጫዎች 138 ሲሆኑ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከተመደቡት 547 መቀመጫዎች ደግሞ የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ነበር። መታወቂያ የዘገየበት ሰው የሚሄደው ወደ ወረዳው ነው። የፌዴራሉ እንደራሴ ዋና ሥራ ግን ሦስት ነው፤ ሕግ ማውጣት፣ ባጀት መርምሮ ማጽደቅ፣ የመንግሥትንም ሥራ አስፈጻሚዎች መቆጣጠር ነው። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ባለሥልጣኖች ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ከአባሎቹም አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ በማናቸውም የአስፈጻሚው ሥልጣን በሆነ ጉዳይ ላይ ይወያያል። ይህ በአንቀጽ 55 የተጻፈ ነው።

ታዲያ «የሰፈሬ ጉዳይ የከተማው ምክር ቤት ነው፤ እንግዲያውስ የፌዴራሉ እንደራሴ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆነኝን ነገር ከሐዘን ጋር የማነሣው ነው።

በክፍለ ከተማችን ደቡብ በኩል፣ ረጲ በሚባለው አካባቢ፣ «ቆሼ» እየተባለ የሚጠራ የቆሻሻ መድፊያ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ በዚያ ሲከመር ኖረ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ቀድሞ ዳር የነበረው ሥፍራ መካከል ሆነ፤ በክምሩ ግርጌ ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖሩ ጀመር፤ ከቆሻሻውም መካከል የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ከከተማው ውጭ፣ በሰንዳፋ አካባቢ አዲስ መድፊያ ተከፈተ፤ ነገር ግን ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት ቆመ። ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደና በሥሩ ያሉትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ወገኖቼ፤ በዚያን ጊዜ ሐዘኑ መታወጁ ተገቢ ነበር። ለሞተ ማልቀስ ወጋችን ነው፤ በዕድራችንም ድንኳን የምንተክለው ለዚህ ነው። ሆኖም ነገሩን ቆም ብለን እናስበው። የቆሻሻው ጉዳይ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነበር፤ መድፊያው ወደ ሰንዳፋ በሄደ ጊዜ ግን የኦሮሚያ ክልልን የሚነካ ሆነ። አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። ስለዚህ የሁለት አስተዳደሮች ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚገናኝበት፣ የገበሬውም ሮሮ የኮልፌ ነዋሪም ሥጋት ጎን ለጎን ሊሰማ የሚችልበት አዳራሽ ይኸው የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። ከእንደራሴዎቹ ማን ጠየቀ፣ ማን ዝም አለ ብዬ ለመፍረድ አልተነሣሁም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሞተው ሐዘን ማወጅ ደግ ነው፤ ሰው በሕይወት ሳለ መጠየቅ ግን የእንደራሴነት ሥራ ነው። በመጋቢት የተናደው ክምር በመስከረምም ቆሞ ነበር። ምክር ቤቱ በዚያ ዓመት ሲከፈት ክምሩ በዓይን ይታይ ነበር።

እኛም መራጮቹ ከዚህ ነገር ነፃ ነን ለማለት አንችልም። በዚያ ዓመት መስከረም ውስጥ ለእንደራሴዬ «ስለ ረጲ ጠይቅልኝ» ብዬ አልጻፍኩም፤ አልተናገርኩምም። በመንገዱ ሳልፍ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ እንጂ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ በግልጽ ብናገረው ይሻላል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን በመክፈቻው ጊዜ እንደራሴው ለመራጮቹ ሊነግራቸው የሚገባውን እንመልከት። በእኔ ግምት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ጊዜ ከሕዝቡ የሰማውንና ይዞት የሚገባውን ጉዳይ በዝርዝር መናገር ነው፤ «የሕዝቡን ችግር አውቃለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን ችግር፣ የየትኛውን ሰፈር እንደ ሆነ መናገር አለበት። ሁለተኛ፣ በዓመቱ ውስጥ ይመጣሉ ተብለው የሚጠበቁትን ሕጎች ገልጦ የሕዝቡን አስተያየት መጠየቅ ነው። ሕግ ከጸደቀ በኋላ «ይህን አውቃችሁ ነበር?» ማለት ከሠርግ በኋላ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ አምና ጠይቆ ያልተሳካለትን፣ ያልቻለውንም ነገር ሳይሸሽግ መናገር ነው። «አልቻልኩም» የሚለው ቃል እንደራሴን የሚያዋርደው ይመስላል፤ ነገር ግን «ይሆናል፣ ይደረጋል» እያለ አምስት ዓመት ከሚያሳልፈው ይልቅ «ይህን ጠየቅሁ፣ ይህን መልስ አገኘሁ፣ ይህን ግን አልቻልኩም» የሚለው ሰው ይታመናል። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ እንኳ የጠፋውን ካስማ «ጠፍቷል» ባለ ጊዜ ይቅርታ አገኘ እንጂ ከሥራው አልወጣም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይናገራል። በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም በተናገረው ቃል ምክንያት አይከሰስም። ስለዚህ እንደራሴው የሰፈር መልእክተኛ ብቻ አይደለም፤ የሰንዳፋውም ገበሬ፣ የአፋሩም አርብቶ አደር፣ የጋምቤላውም ዓሣ አጥማጅ ጉዳይ የእርሱ ጉዳይ ነው። እኛም ይህን ማወቅ አለብን። ቆሻሻችን ከደጃችን ይነሣልን እንጂ በሌላው ደጅ ቢደፋ ግድ የለንም የምንል ከሆነ፣ እንደራሴያችንን በደል እንዲሠራ መላካችን ነው። ሆኖም የመላው ሕዝብ ነኝ እያለ የመረጠውን ሰፈር የሚረሳ ሰው ደግሞ፣ ዘመድ ሁሉ ዘመዴ ነው ብሎ እናቱን እንደሚያስርብ ልጅ ነው።

የመራጩስ ግዴታ ምንድር ነው? መጀመሪያ ስሙን ማወቅ ነው። ሁለተኛ፣ የተናገረውን መጻፍ ነው፤ የዕድር ደብተር እንዳለን ሁሉ ይህም ደብተር ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች የሕዝብ አስተያየት መስጫ መድረክ ሲጠራ መሄድ፣ መሄድ ያልተቻለ እንደ ሆነ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። አራተኛ፣ የማይገባ ነገር አለመለመን ነው። ለልጁ ሥራ፣ ለወንድሙ ቦታ፣ ለራሱ ፈቃድ እንዲያስፈጽምለት እንደራሴውን የሚለምን ሰው፣ እንደራሴውን ወደ ደላላነት ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በደላላ ላይ ማጉረምረም አይችልም። ተወካዩ የመራጩን አመኔታ ያጣ እንደ ሆነ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይናገራል፤ ነገር ግን አመኔታ መታጣቱን ለማወቅ አስቀድሞ ተቆጣጣሪ መራጭ መኖር አለበት።

በኮልፌ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ለመረዳት ሌላም ምክንያት አለን። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ከአገራቸው ተሰውረው ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ የወታደርነት ሥልጠና የወሰዱት በዚሁ በኮልፌ ነው። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት ታሰሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 1986 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 75 ዓመት በሆነ ጊዜ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን የምርጫ ድምፅ ሰጡ። በአገራቸው ምክር ቤት እንደራሴ ለመላክ አንድ ሰው ይህን ያህል ዕድሜ ከጠበቀ፣ እኛ በእጃችን ያለውን መብት በአምስት ዓመት አንድ ቀን ተሰልፈን ድምፅ ሰጥተን የምንረሳው ነገር ሊሆን አይገባም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ከ428 ሺህ በላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ የሕዝብ ብዛቱ የሚበልጠው ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤቴል እስከ ቀራንዮ ድረስ የተሠራውን ቤት ያየ ሰው እንዴት እንደ ሰፋ ይገምተዋል። ይህን ያህል ሕዝብ እንደራሴዎቹን በስማቸው ቢያውቅ፣ በመስከረም ምን ይዘው እንደ ገቡ ቢጠይቅ፣ በሰኔም ምን ይዘው እንደ ወጡ ቢቆጥር፣ በምክር ቤቱ የሚነገረው ቃል ምንኛ በከበደ ነበር!

ስለዚህ የተከበራችሁ አድማጮች፤ ንግግሬን የምፈጽመው በአንድ ልመና ነው። በሚቀጥለው መስከረም መጨረሻ፣ በዚያ ሰኞ ቀን፣ የመክፈቻውን ንግግር ከሰማችሁ በኋላ ራዲዮናችሁን ዘግታችሁ ዝም አትበሉ። ወረቀት አንሡና የእንደራሴያችሁን ስም ጻፉ፤ ከሥሩም ልትጠይቁት የምትሹትን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ አስፍሩ። ያ ጥያቄ በአዳራሹ የሚነሣው ክምሩ ሳይናድ፣ ሰው በሕይወት ሳለ ይሁን። አሮጊቷ እናታችን የሦስት ካስማ መጥፋት ያላስቀመጣቸው፣ ድንኳኑ ሲዘነብል በሥሩ የሚቀመጠው ሐዘንተኛ ማን እንደ ሆነ ስለሚያውቁ ነው። አገርም ከሁላችን በላይ የተተከለ ድንኳን ነው፤ ካስማውን የማይቆጥር ሕዝብ ነፋስ በመጣ ጊዜ ማንንም ሊወቅስ አይችልም።